ሁለት አልጋ ያለው ክፍል

«የልጅቷ እናት የትኛችሁ ናችሁ?»

ያን ጊዜ ይህን መመለስ አቃተኝ። የጠየቀን ደምለው ይባላል፤ ሐይቁ ዳር ያሉትን የእንግዳ ጎጆዎች የሚጠብቅ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ካፖርቱን ደርቦ፣ ሦስት ቁልፍ በጣቱ አንጠልጥሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አንዱን ቁልፍ የልጄ ጓደኛ ሃኒና ባሏ አንተነህ ተቀበሉት። ከቀሩት ሁለቱ አንዱ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ነው፣ ሌላው ባለ አንድ። ነፍሰ ጡሯ ብቻዋን እንዳታድር ብሎ፣ በቅን ልቡ፣ ባለ ሁለት አልጋውን ለእሷና ለእናቷ ሊሰጥ ነው የጠየቀው። ልጄ ሩሃማ ከመኪናው ወርዳ ወገቧን ይዛ ሐይቁን ታያለች፤ ጥያቄውን አልሰማችም፣ ወይም እንዳልሰማች ሆነች። ከማርቆስ ተነስተን እዚያ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ልጄ ድሮ አከራይዋ የነበረችውን ወለላን «እማዬ፣ መስኮቱን ትንሽ»፣ «እማዬ፣ ውኃ» ስትል ነው የመጣችው፤ እኔን ግን በስሜ «ብዙዬ» ትለኛለች። እናቷ እኔ ነኝ ብዬ ሳልጨርስ ሌላዋን «እማዬ» ብላ ብትጠራት ሰውየው ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ። እኔ ይህን ሳሰላስል ወለላ እጇን ዘርግታ ባለ ሁለት አልጋውን ቁልፍ ወሰደች። «እኔ ልሁን ከሷ ጋር፤ ሌሊት ስትነሳ ልማዷን አውቀዋለሁ» አለች። ደምለው «እሺ እናቴ» ብሎ የቀረውን ቁልፍ ለእኔ ሰጠኝና «እርስዎ አክስቷ ነዎት?» አለኝ። ቁልፉን ጨብጬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

በስሜ መጥራቷ ንቀት አይደለም። የወለድኳት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ የጁቤ በምትባለው ትንሽ ከተማ፣ እናቴ ቤት ነው። አፏን ስትፈታ ቤተ ሰቡ ሁሉ ብዙዬ ሲለኝ ሰማች፤ እሷም ብዙዬ አለችኝ። በአገራችን እንዲህ በስማቸው የሚጠሩ እናቶች ብዙ ናቸው፤ እኔንም ቅር ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቅር ማለት የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ማርቆስ ወለላ ግቢ አንድ ክፍል ከተከራየሁላት ወዲህ ነው። ወለላ ጡረታ የወጣች የጽሕፈት ሠራተኛ ናት፤ ልጅ የላትም። የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይ በየወሩ ተቀበለችኝ። በሁለተኛው ዓመት «ከልጄ ኪራይ አልቀበልም» አለች። ያኔ ጉልበቷን ስሜ፣ መርቄያት ነው የወጣሁት። አሁን ግን ምነው ተቀብላኝ በነበረ እላለሁ፤ እየከፈልኩ ቢሆን ኖሮ አከራይ እንደሆነች ትቀር ነበር። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ በቃሌ አንቱ እላታለሁ፤ በልቤ አንቺ ካልኳት ግን ብዙ ጊዜ ሆኗል።

የሐምሌ መጨረሻ ቅዳሜ ነበር፤ ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት አይሞላም። ሩሃማ አስተማሪ ናት፣ ሃኒም አብራት ታስተምራለች፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። የሩሃማ ባል ጌቱ ለክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ሄዷል። ሐሙስ ዕለት ስልክ ደውላ «ብዙዬ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐይቁ ልንወጣ ነው፣ ዕረፍት አስፈልጎኛል፤ ነይ፣ አንቺም ትናፈሻለሽ» ስትለኝ፣ በዚህ ዝናብና ጭቃ ማን ይናፈሳል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ። ልጠይቃት የፈለግሁት ጉዳይ ነበረኝ፤ በስልክ ልጠይቃት አልደፈርኩም። የመጀመሪያ ልጇን እኔ ቤት እንድትወልድ ነው የፈለግሁት። የሴት ልጅ የመጀመሪያ ወሊድ እናቷ ቤት ነው፤ እናቴም ለእኔ ያደረገችልኝ ይህንኑ ነው። ጤና ጣቢያው ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የውስጡን ክፍል ኖራ አስቀብቻለሁ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝቻለሁ፣ ለገንፎው ገብስ አስፈጭቻለሁ፣ ቅቤ አንጥሬ ሸክላው ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ በግ ሳይቀር አስሬ እየቀለብኩ ነው። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የእሷ እሺታ። ሁለት ቀን አንድ ቦታ ከዋልን ብቻዋን የማገኝበት ደቂቃ አይጠፋም አልኩ። ዓርብ የጁቤ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ በፌስታል ከፋሲካ ሥጋ ያደረቅኩትን ቋንጣ፣ ትንሽ ቅቤና አንድ ኪሎ ማር ይዤ ማርቆስ ገባሁ።

ክፍሌ ንጹሕ ነበር። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ እርጥብ የሱፍ ሽታ ያለው ወፍራም ብርድ ልብስ። በበጋ እንግዳ ሲበዛ ሺህ አምስት መቶ ብር የሚከራየው ጎጆ አሁን በሰባት መቶ ነው፤ ሃኒ ተከራክራ ስድስት መቶ አድርጋዋለች። «በክረምት ከእኛ ሌላ ማን እብድ ይመጣላችኋል ጋሼ?» ብላው ነው። ደምለውም ስቆ ተቀበለ። እኔ በሕይወቴ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተኝቼ አላውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ሳደርግ፣ ከጎን ካለው ክፍል የወለላ ድምፅ ይመጣል፤ ትራስ ስታስተካክል፣ «በግራ ጎንሽ ልጄ፣ በግራ ጎንሽ» ስትል። ልጄም ትስቃለች። እኔ ስመክራት እንዲህ ስቃ አታውቅም። ጆሮዬን ከግድግዳው አነሳሁና ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ።

ዝናቡ ለጊዜው ቆሞ ነበር። ሐይቁ በተራራዎቹ መሐል ያረፈ ነው፤ በዚያች ሰዓት ውኃው የእርሳስ መልክ ነበረው፣ ጉሙ ከማዶ በኩል ቁልቁል ወርዶ ግማሹን ሸፍኖታል። ከላይ ሸንተረሩ ላይ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በጉሙ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ሰው የቆመ ይመስላል። ከሥር የገብስ ማሳ አለ፤ አንዲት እግሯ የታሰረ ፈረስ ትግጣለች። ዳክዬዎቹ ሰው የለም ብለው ከውኃው ወጥተው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አምስታችንም ዳር ዳሩን ሄድን። አንተነህ ከፊት ሆኖ ጭቃውን በዱላ ይለካል፤ ሩሃማ በወለላ ክንድ ተደግፋ ትከተላለች፤ ሃኒ ስልኳን ይዛ ፎቶ ታነሳለች። እኔ የሁሉንም ጋቢና ሹራብ ይዤ ከኋላ ነኝ። ማንም ያዢ አላለኝም፤ ባዶ እጄን መሄድ ስላልቻልኩ ከየትከሻቸው ለቅሜ ነው የያዝኩት። ቦታው ያማረ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ግን ዓይኔ ሐይቁ ላይ አልነበረም። የልጄ እግር ከጫማዋ በላይ አብጦ ነበር፤ እሱን ነው የማየው። የወለላ ክንድ ውስጥ የገባውን እጇንም አያለሁ።

«እማማ ወለላ፣ እስቲ ሆዷ ላይ እጅዎን ያድርጉላት! ሩሂ፣ ወደ እኔ ዙሪ። ውይ፣ እንዴት ያምራል!» ትላለች ሃኒ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እታለም፣ እስቲ አንቺ አንሺን፣ እኔም ልግባ» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ። ሃኒ ወለላን እርስዎ ትላለች፣ እኔን አንቺ። ክፋት የለባትም፤ ቀሚሴንና እጄን አይታ ነው። የት እንደምነካ አሳየችኝ። ሦስቱም ተደርድረው ሳቁ፤ ነካሁት። ሃኒ መጥታ ስታየው እስክትታጠፍ ድረስ ሳቀች።

«ኧረ እታለም! እማማ ወለላን ለሁለት ቆረጥሻቸው እኮ!»

እውነቷን ነው። ልጄ መሐል ላይ ሙሉ ሆና አለች፤ ከወለላ ግን አንድ ትከሻና ግማሽ ነጠላ ብቻ ነው የቀረው። ወለላም ሳቀች፤ «ምን ላድርግ፣ ወፈርኩባት» አለች። አውቄ ይሁን ሳላውቅ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እንደገና አንሺ ሲሉኝ ስልኩን ለአንተነህ ሰጠሁት።

ምሳ ሲደርስ ከጎጆዎቹ መሐል ባለው ትልቅ ቤት ተሰበሰብን። የከሰል ምድጃ ተቀምጦልናል። ለእኛ ድንች በሥጋ ቀረበ፤ ወለላ ግን ከቦርሳዋ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን አውጥታ ሩሃማ ፊት አስቀመጠች። የተቀቀለ ካሮት፣ ጎመንና ዶሮ ነው፤ ነጭ፣ የበሽተኛ ምግብ። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፤ «ያለ ጨው» ይላል። ያን ጊዜ ውስጤ ተቃጠለ። ወለላ የደም ግፊት እንዳለባት፣ ጨው ከተወች ዓመታት እንዳለፏት፣ ጠዋትና ማታ ኪኒን እንደምትውጥ አውቃለሁ። ለራሷ የታዘዘላትን ምግብ ለልጄ ታበላታለች አልኩ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ለሁለት መብላት ያለባት ልጅ፣ የአንዲት ጡረተኛ ሴትዮ ምግብ ፊቷ ተቀምጦ በሹካ ስትገፋው አየሁ። ሦስት ጊዜ ጎረሰችና ተወችው። ወለላ «እንደምንም ልጄ» አለቻት፤ ከዚያ እግሯን የምትነክርበት ሙቅ ውኃ ላስፈላ ብላ ወደ ወጥ ቤቱ ወጣች። ሃኒና አንተነህም መኪናው ጎማ ሥር ድንጋይ ሊያስገቡ ወጡ።

የፈለግሁት ደቂቃ መጣልኝ። ፌስታሌን ከክፍሌ አምጥቼ ቋንጣውን ምድጃው ላይ በቅቤ አገላበጥኩት፤ እንጀራ ቆርሼ ፈተፈትኩበት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ሩሃማ ዓይኗን ጨፈነች። «ብዙዬ፣ ተይ» አለችኝ፤ አፍራ መሰለኝ። «ብይ እንጂ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ላንቺ ያስቀመጥኩት ነው» አልኳት። በሩን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ በእጇ ጠቅልላ ጎረሰች፤ ደገመች፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አላረፈችም።

«ብዙዬ ትሙት፣ እንዲህ ያለ ነገር ከበላሁ ስንት ጊዜዬ!»

በእኔ ማለች። በወለላ አይደለም፣ በእኔ ነው። ልቤ ሞቀኝ፤ አሁን ነው የምጠይቃት አልኩ። «የኔ ልጅ፣ ለወሊድሽ ቤት ትመጫለሽ አይደል? ክፍሉን ኖራ አስቀብቸዋለሁ፤ ፍራሽም ገዝቻለሁ፣ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ብር።» ዋጋውን ማንሳት አልነበረብኝም። ጣቷን ላሰች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ ሲወርድ አየሁት። «እናያለን ብዙዬ» አለች። «ምን የሚታይ አለው? የመጀመሪያ ልጅ እኮ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል?» አልኩ። «በኋላ እናወራበታለን። የማወራሽ ነገር አለኝ» አለችና የወለላ ኮቴ ሲሰማ አፏን በመዳፏ ጠረገች። ሳህኑን ወንበር ሥር ገፋሁት። ወለላ ገብታ የፕላስቲክ ሳህኑን አየች፤ «ጎበዝ፣ ትንሽ ቀምሰሻል» አለች። ሩሃማ እኔን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ወለላ የማታውቀው፣ የሁለታችን ብቻ የሆነ ነገር ነበረን። እንዲህ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ዓመታት አልፈው ነበር፤ በክፍሌ ብቻዬን መሆኔ እንኳ ምንም አልመሰለኝም። እግሬን ዘርግቼ አልጋው ላይ ተጋደምኩ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ በረዶ መጣል ጀመረ። ሣሩ ነጭ ሆነ፤ የጣሪያው ድምፅ ሌላ ነገር አያሰማም። ሃኒ በሬን ስትደበድብ ያልሰማሁት ለዚህ ነው፤ በሩን ገፍታ ገባችና «እታለም፣ ነይ ቶሎ፣ ሩሂን አሟታል» አለችኝ።

ባለ ሁለት አልጋው ክፍል ውስጥ ስገባ ልጄ በግራ ጎኗ ተኝታ ክንዷን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። ወለላ መሬት ላይ ተንበርክካ የግፊት መለኪያ ክንዷ ላይ አስራለች፤ የራሷ መለኪያ ነው፣ ከቦርሳዋ አይጠፋም። ቁጥሩን እኔም አነበብኩት፤ ቁጥር ከፊደል ይቀለኛል። መቶ ስልሳ አምስት ይላል፣ ከሥሩ መቶ አሥር።

«ጠዋት መቶ ሠላሳ አምስት ነበር» አለች ወለላ። «ምን በላሽ ልጄ? ምን ቀመስሽ?»

«ራሴን ነው የሚያመኝ እማዬ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

«ምን በላሽ ነው የምልሽ!»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሳይዞር፣ እኔ ራሴ ተናገርኩ። «ቋንጣ ነው። እኔ ነኝ ያበላኋት።»

«ጨው ተከልክላለች እኮ ብዙዬ! ፕላስተሩን አላየሽውም?»

«አንብቤዋለሁ። የርስዎ ምግብ መስሎኝ ነው፤ የርስዎ ግፊት…»

ወለላ መለኪያውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሩሃማን አየቻት። «አልነገርሻትም?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ልጄ ክንዷን ከዓይኗ ሳታነሳ «ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ በነጋታው በእግሯ ትመጣለች» አለች። እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ ነው እንዲህ የምትለው። ከዚያ ሁሉም ነገር ወጣ። የልጄ ግፊት ከፍ ካለ ሦስት ሳምንት አልፎታል። መድኃኒት ጀምራለች። ሐኪሙ ጨው ተዪ፣ ዕረፍት አድርጊ ብሏታል፤ ወደዚህ የመጣነውም ለዚህ ነበር። ሃኒ ታውቃለች። አንተነህ ያውቃል። ደምለው እንኳ ለእሷ በሚሠራው ራት ላይ ጨው እንዳይገባ ትናንት በስልክ ተነግሮታል።

«ለጠባቂው ተነግሮ ነው ለእኔ ያልተነገረው?» አልኩ። ወደ ልጄ ዞርኩ። «አንቺ እያወቅሽ ለምን በላሽ ታዲያ?»

«አንቺ ሠርተሽ ሰጥተሽኝ እምቢ ልበል?» አለች ልጄ።

ሃኒ ጥፋት የማንም አይደለም፣ ከፍታውም ይሆናል፣ መንገዱም ይሆናል እያለች ታጽናናን ነበር። በኋላም ሐኪሞቹ አንድ ቀን የተበላ ቋንጣ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ ሊመጣ ያለ ነገር ነው ብለዋል፤ ዛሬ የልጅ ልጄ ሁለት ጥርስ አብቅሏል፣ ልጄም ደህና ናት። በዚያች ሰዓት ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው በቅቤ ያገላበጥኩት በገዛ እጄ መሆኑን ነው። አንተነህ ወጥቶ ሰማዩን አየና «አሁኑኑ ነው የምንሄደው፣ ሳይመሽ» አለ። ደምለው ግን ወንዙ በበረዶው ሞልቷል፣ በመጣችሁበት አታልፉም፣ በላይ በኩል ሌላ መንገድ አለ፣ እኔ ካልመራኋችሁ አታገኙትም አለ። መኪናው አሮጌ ራቭፎር ነው። ከፊት አንተነህና ደምለው ከተቀመጡ የሚቀረው የኋላው ወንበር ነው፤ ልጄ ደግሞ በጎኗ መተኛት አለባት። ስለዚህ ከእሷ ጋር የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ራሷን ጭኑ ላይ የሚይዝ። ሃኒ ወዲያው «እኔ እቀራለሁ፣ ነገ ይመለስልኛል» አለች። ያ አንዱ ሰው ማን ይሁን ያለ የለም።

እኔ አልጠበቅኩም። ወለላ ልብስና መድኃኒት ስትሰበስብ፣ በረዶውን እየረገጥኩ ሄጄ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቼ ገባሁና ተቀመጥኩ። አንተነህ ልጄን ደግፎ ሲያመጣት እጄን ዘርግቼ ተቀበልኳት፤ ራሷን ጭኔ ላይ አደረግሁት። ከባድ ነበር፤ ትልቅ ሰው ሆናለች። ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ የያዝኳት ማርቆስ ከመግባቷ በፊት፣ ወባ ይዟት ሳለ ነው። ፀጉሯን ከግንባሯ ገለጥኩላት። ወለላ ከጎጆው ወጥታ ከመኪናው አጠገብ ስትደርስ ቦታው መያዙን አየች፤ ቆመች። ደስ አለኝ። ልጄ እንዲህ ታማ፣ እኔ በዚህ ደስ አለኝ፤ የምዋሸው ነገር የለኝም።

«ብዙዬ» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «የጁቤ አልወልድም። ሐኪሙ ትልቁ ሆስፒታል ነው ያለኝ። እዚህ ያስመጣሁሽ ይህን ልነግርሽ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አልሆንልሽ አለኝ።»

«እሺ» አልኩ። «እሺ የኔ ልጅ፣ አሁን አትናገሪ።»

ወለላ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ በኩል ቦርሳውን አቀበለችኝ። ጠጉሯ ላይ በረዶ አርፎ አልቀለጠም። «ካርዷ ከውስጥ ኪስ ነው» አለችኝ። «የጠዋቱን ኪኒን ወስዳለች፣ የማታው ይቀራታል። ሠላሳ ሦስት ሳምንት ከአራት ቀን ብለሽ ንገሪያቸው፤ በወር አይደለም፣ በሳምንት ነው የሚጠይቁሽ። ሰኞ ዕለት ሽንቷ ላይ ምን እንደተገኘ ይጠይቁሻል፤ ፕሮቲን፣ አንድ መስቀል በይ። ከዚህ በፊት ያሳበጣት የፔኒሲሊን መርፌ ነው፣ እሱን እንዳይወጓት…» አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። እኔ የልጄን እርግዝና የምቆጥረው በበዓል ነው፤ ከኅዳር ጽዮን ወዲህ ብዬ። ፔኒሲሊን እንደማይስማማት አላውቅም ነበር። መቼ ነው ያሳበጣት? ማን ነበር ያኔ አጠገቧ? ወለላ አየችኝና ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር። «ሠላሳ ሦስት ሳምንት…» ልትበልጠኝ ብላ አልነበረም የምትናገረው፤ ፈርታ ነበር። እኔም የፈራሁትን ያህል ፈርታ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

የልጄን ራስ በሁለት እጄ አንስቼ ከሥሩ ወጣሁ። ነጠላዬን አጥፌ አስደገፍኳት። ወረድኩ። ይህን ያደረግሁት በደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ሆስፒታል በር ላይ ጠይቀውኝ አፌ ሲያያዝ ታየኝ።

«ይግቡ» አልኳት ወለላን።

«ቆይ ብዙዬ፣ አንቺ እኮ…»

«ይግቡ እላለሁ! ሰዓቱ ይሄዳል።»

ገባች። ልጄ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ፈለገችኝ፤ ያዝኩላት፣ ቀዝቅዛለች። «ቋንጣው ግን ጣፍጦኝ ነበር፣ ብዙዬ» አለችኝ። ሃኒ ከኋላዬ ሆና ስታለቅስ እሰማለሁ። አንተነህ መኪናውን አስነሳ፤ ጎማው ሁለት ጊዜ ጭቃው ላይ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ያዘ። በገብሱ ማሳ ዳር ወደ ላይ ሲታጠፍ በኋላው መስታወት የታየኝ የልጄ ፊት አይደለም፤ ፀጉሯን ከግንባሯ የሚገልጠው የወለላ እጅ ነው። እኔ ቅድም እንዳደረግሁት ነው ያደረገችው። መኪናው ጉሙ ውስጥ እስኪገባ እሱኑ አየሁ።

ደምለው ሳይመሽ በእግሩ ተመለሰ። ጥርጊያው መንገድ ላይ አድርሻቸዋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ችግር የለም አለን። ራት አቀረበልን፤ አልበላንም።

አንተነህ፣ ወለላና ልጄ ሄዱ። እኔና ሃኒ ቀረን።